የጋሽ በላቸው ቀልሃ

ባለፈው ሳምንት ሎንግ ቢች የምሠራበት ሆስፒታል ሊፍቱ ተበላሸና በድሮው ሕንፃ በኩል በደረጃ ወጣሁ። የድሮው ሕንፃ የደረጃው መደገፊያ ናስ ነው፤ የስንት ሰው እጅ ሲያሻሸው ኖሮ ያብረቀርቃል። አራተኛ ፎቅ ደርሼ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆም ስል ላቤን ለመጥረግ እጄን ወደ ፊቴ አስጠጋሁና ያ ሽታ መጣ፤ ላብ የነካው ናስ፣ ሳንቲም ሳንቲም የሚል፣ ትንሽም ደም ደም የሚል። የሌላው ሰው የልጅነት ሽታ ትኩስ ዳቦ ነው፣ ወይ ዝናብ የመታው አፈር ነው። የእኔ፣ ዕድሌ ሆኖ፣ የተተኮሰ ጥይት ቀልሃ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ቆሜ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈውን ንዴት እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ያኔ የምንኖረው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ፣ የቆሻሻ መኪናው በሚገባበት ቀጭን መንገድ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ቤቷ ጋራዥ ነበራት፤ መኪና ግን ገብቶበት አያውቅም። ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፣ እዚያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ሰው ንጉሥ ነው። አባዬ ግን መኪናውን ውጪ እያቆመ፣ መንገድ ጠራጊው በሚመጣበት ቀን በፒጃማ እየሮጠ እያነሳ፣ ሲረሳም የቅጣት ቲኬት እየበላ፣ ጋራዡን አንዲት ጠረጴዛ ላይ ለታሰረች፣ የተተኮሰ ቀልሃ መልሳ ጥይት ለምታደርግ የብረት ፕረስ ለቀቀላት። እማዬ የክረምት ልብሶቻችንን እዚያ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ ለምናለች።

አባዬ፣ ታሪኩ ነው ስሙ፣ አገር ቤት ሳለ የሠራዊት አስተኳሽ ነበር። ስንቱን ምልምል ወታደር ሆዱን መሬት አስነክቶ ማነጣጠር አስተምሯል። አሜሪካ ስንገባ ግን ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ባዶ እጁን የሚቆም የሌሊት ጠባቂ ሆነና ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊወጣ ሲል፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ሲያንኮራፋ ነው የማውቀው። ከዚያ በስንት ልፋት የታጠቀ ጠባቂ ወረቀት አወጣና ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ላይ የቀን ሥራ አገኘ። ፀሐይ ሳትገባ ቤት ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችን በአንድ ማዕድ ቀርበን እራት መብላት ጀመርን ማለት ነው። እሱ ደግሞ ስድስት ዓመት ያልተናገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያወራን ይፈልጋል፤ እኔ ሆምወርኬን እሠራለሁ እያልኩ እነጫነጫለሁ። እንዴት ያለ ሞኝ ልጅ ነበርኩ!

የታጠቀ ጠባቂ በየስድስት ወሩ ተኩስ ይፈተናል። አባዬ ፈተናውን እንደ ቀልድ ነበር የሚያልፈው፤ እንዲያውም ፈታኙን እግርህን እንዲህ አድርግ ብሎ ሊያስተካክለው ይዳዳው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዓይኑ ከዳው። ሐኪሙ ከላይ ሩቅ፣ ከታች ቅርብ የሚያሳይ መነጽር አዘዘለት። መነጽሩ ጋዜጣ ለማንበብ ግሩም ነው፣ በሽጉጥ ማነጣጠሪያ ሲያዩበት ግን አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል። አባዬ አልደነገጠም፤ ዓይን እንደ ምልምል ነው፣ ከተለማመደ ይታዘዛል አለ። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከተለማመደ ይበቃዋል። ካላለፈ ደግሞ አለቃው ቁርጡን ነግሮታል፤ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ እሱ ወደ ወደቡ፣ ወደ ሌሊቱ ይመለሳል። እማዬ ይህን ስትሰማ ማንኪያውን አስቀመጠች።

ችግሩ፣ ያ ዓመት ጥይት ከየሱቁ ድራሹ የጠፋበት ዓመት ነው። ሰው ለምን እንደሚገዛው ሳያውቅ ተሰልፎ እየገዛ መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ሆነ። አባዬ ግን በፕረሱ ተማምኗል። ፕረሷን የሰጠው መለማመጃ ቦታ የተዋወቀው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ሌላ ስቴት ሊገባ ዕቃውን ሲያራግፍ ከነፕራይመሩና ከነባሩዱ አሸከመውና ሄደ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የተተኮሰ ቀልሃ መቀመጫው ላይ የተቃጠለች ትንሽ ቆብ አለች፣ ፕራይመር የምትባለው፣ ከምስር ፍሬ ትንሽ ብትበልጥ ነው። አሮጌዋ ተገፍታ ትወጣለች፣ ቤቷ ይጸዳል፣ አዲሷ በፕረሱ እጀታ ተጭና እዚያው ትገባለች፣ ከዚያ ባሩድ፣ ከዚያ ተወርዋሪው እርሳስ፣ አለቀ። ባሩዱንና እርሳሱን አባዬ ማንንም አያስነካም። ፕራይመር መክተቱ ግን ለእኔ ተሰጠ፤ ጣቶቼ ቀጫጭን ስለሆኑ ነው ተባለ። ቅዳሜዬ እንዲህ ሆኖ ተበላ።

ጋሽ በላቸው ማን እንደሆነ ካልነገርኩ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እብደት ይመስላል። እዚህ አገር ስንገባ ኤርፖርት የተቀበለን እሱ ነው። ሃውቶርን ባለው አፓርትመንቱ ሳሎን ውስጥ ሦስታችን በአንድ ፍራሽ ስምንት ወር ተኝተናል፤ እሱና ባለቤቱ ሌሊት ውሃ ሊጠጡ ሲነሱ እንዳይቀሰቅሱን በእግር ጣቶቻቸው ጫፍ ነበር የሚራመዱት። አባዬን መኪና ድራይቭ ማድረግ ያስተማረው እሱ፣ እኔን መጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ፣ ቸርች ያስተዋወቀን እሱ። አባዬና እማዬ አንቱ ይሉታል፤ እኔ እዚህ ያደግሁ ባለጌ ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ፣ እሱም ደስ ይለዋል። ያኔ ሰባ ዓመቱን አልፎ ከሆቴል ሥራው ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ቤት መዋል አልሆንልህ ሲለው ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ በሚለማመድበት የተኩስ ቦታ ጽዳት ይሠራል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ሁለት የቀለም ባልዲ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ ትከሻው ወደ መሬት ተስቦ፣ በጋራዡ በር ብቅ አለ። ሁለቱም ባልዲ እስከ አፋቸው ቀልሃ ናቸው። ጥይት ጠፋ ስትል ሰምቼ ጌታ ይህን አሳየኝ፣ ሲጥሉት እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ አለው አባዬን። አባዬ፣ «ኧረ ጋሽ በላቸው! እርስዎ ደግሞ! ይህን ሁሉ ተሸክመው!» እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቀጥሎም ያን የማልረሳውን ስህተት ሠራ። የራሱን ቀልሃ፣ ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ በእንጨት ሳጥን የተቀመጠውን፣ ክዳኑን ከፈተና ሁለቱንም ባልዲ እዚያው ላይ ገለበጠው። በእጁም አማሰለው። ለምን ቢባል፣ ሰው ለፍቶ ያመጣውን ስጦታ በፊቱ ጥግ አስቀምጦ ቆይ እስቲ አየዋለሁ ማለት በእኛ ቤት ንቀት ነው። ጋሽ በላቸው ፊቱ በራ፤ እኔም ያኔ ገና ሞኝ ነበርኩና ደስ አለኝ።

ከዚያ ፕራይመሮቹ አልገባ አሉ።

ሁሉም ቢሆኑ እኮ ጥሩ ነበር፤ ሰው ቁርጡን ያውቃል። አንዱ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ቀጣዩ ግማሽ መንገድ ላይ እግሩን ይተክላል፣ ሦስተኛው ጠርዙ ተጨፍልቆ ይወጣል። እጀታውን ስጫን ገና ሲነካው አውቀዋለሁ፤ ክርትት የሚል፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አለው። አባዬ ክንድሽን ነው፣ አቆራርጠሽ አትጫኚ አለኝ። ቀስ ብዬ ተጫንኩ፣ ክርትት። ቁርስ አልበላሽም አለኝ። ቁርስ በላሁ፣ ክርትት። ከዚያ ተነስቶ በይ እስቲ ብሎ እራሱ ያዘውና ክርትት ሲልበት እጀታውን ለቀቀው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ውሃ ወቀጣ ነው። አባዬ የጥይት ጥላሸት የፕራይመሩን ቤት ሞልቶት ነው ብሎ አሰበና በእማዬ የጥፍር መሞረጃ አንድ በአንድ አስፋቀኝ። ጣቴ ጠቁሮ ትምህርት ቤት መምህሬ ሥዕል ትሠሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ ደግሞ የመዳብ ድስት እንደምታጥብ በሎሚና በጨው ቀቅላ አጠበችው፤ ቀልሃው ወርቅ መሰለ፣ ፕራይመሩ እንደሆነ እምቢ አለ። ፕረሷ ተፈታች፣ ተገጠመች፣ ዘይት ጠጣች። ጠረጴዛው ዘሟል ተብሎ ከእግሩ ሥር የእኔ የባዮሎጂ መጽሐፍ ተሸጎጠ። ፕራይመሩ አርጅቶ አብጧል ተባለና አባዬ ሌላ ዓይነት ፍለጋ እስከ በረሃው ድረስ ድራይቭ አድርጎ አንዲት ፓኬት ይዞ መጣ፤ እሷም ያው ናት። እማዬ አንድ ቀን ገብታ እጇን ፕረሷ ላይ ጭና ስትጸልይ አገኘኋት። እኔ ሳቄ መጣ፣ ግን አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ቀረ?

አንድ ቅዳሜ አባዬ ትዕግሥቱ አለቀና ያልገባችውን ሙሉ ክብደቱን አሳርፎ ተጫናት። ጧ! አለች። ባሩድ አልነበረበትም፣ ቆቧ ብቻ ናት የፈነዳችው፤ ግን በዚያች ጠባብ ጋራዥ ጆሮዬ ጭው አለ። እማዬ ሊጥ በያዘ እጇ «በኢየሱስ ስም!» እያለች እየሮጠች መጣች። አባዬ አልተጎዳም፣ መነጽሩ ብቻ ጥላሸት ተረጭቶበታል። እማዬ መነጽሩን ከፊቱ አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችለት፣ መልሳ አደረገችለትና ወደ ሊጧ ተመለሰች። እሱም ከዚያ ወዲያ በኃይል መጫን ተወ።

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ላይብረሪ ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለጦር ሠራዊት የሚሠራ ጥይት ፕራይመሩ ተናውጦ እንዳይወጣ ፋብሪካው የቤቱን አፍ ዙሪያውን ቆንጠጥ አድርጎ ያጠብበዋል። ያ ቁንጥጫ አሮጌዋ ከወጣችም በኋላ እዚያው ይቀራል፣ አዲሷን አያስገባም። መፍትሔው ወይ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፣ ወይ ጠርዙን በምትፍቅ ትንሽ መሣሪያ መክፈት ነው። አለቀ! ሦስት ሳምንት ሙሉ! የአባዬ የራሱ ቀልሃ ከሱቅ የተገዛ የሲቪል ነው፤ እምቢ የሚለው ከጋሽ በላቸው ባልዲ የወጣው ነው።

እራት ላይ ሮጬ ተናገርኩ። አባዬ ጋሽ በላቸው በሩ ኋላ የቆመ ይመስል ዞሮ አየና፣ «ዝቅ አድርገሽ አውሪ» አለኝ።

«ሶ አባዬ፣ ሴፓሬት እናድርጋቸዋ!»

«የጋሽ በላቸውን ቀልሃ ለይተሽ ልትጥዪ ነው?»

«ኧረ መጣል አይደለም! ኦኬ፣ መፋቂያዋን ኦርደር እናድርግ።»

«ቅዳሜ መጥተው ይህቺ ደግሞ ምንድነች፣ ለምን ገዛሃት ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

ደሜ ፈላ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ቀርቶታል፣ እስካሁን የሠራው ጥይት አንድ ልምምድ አይሞላም፣ እሱ የሚጨነቀው ለመፋቂያ ማብራሪያ ነው። እማዬን ባያት አቀርቅራ ትጎርሳለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለቱም ከእኔ በፊት አውቀውት ነበር። ጥላሸቱ፣ ዘይቱ፣ የባዮሎጂ መጽሐፌ፣ እስከ በረሃ የተነዳው መንገድ፣ ሁሉም የጋሽ በላቸውን ባልዲ ላለማንሳት የተዞረ ዙር ነበር።

ጋሽ በላቸው ደግሞ በየቅዳሜው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና እንዴት ነው ይላል። አባዬ ያን የተጨፈላለቀ ፕራይመር በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «ግሩም ነው ጋሽ በላቸው! እንዲህ ያለ ቀልሃ አይቼ አላውቅም!» ይላል። እኔ በእጀታው ላይ ተንጠልጥዬ ዓይኔን አፈጣለሁ፤ አባዬ በእግሩ እግሬን ይረግጠኛል። ሽማግሌው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ባልዲ ይዞ መጣ። አባዬ አመስግኖ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ገለበጠው። አማሰለው። እኔ ወጥቼ ቀጭኑ መንገድ ላይ ቆሜ ለብቻዬ በእንግሊዝኛ ተሳደብኩ።

ያዳነችን እማዬ ናት፣ ያውም ምንም ሳታወራ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሥራ ቀርታ ጋራዡ ውስጥ አገኘኋት፤ ሰፌዷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የእጅ ባትሪ ጥርሷ ላይ ይዛ፣ ቀልሃውን እንደ ምስር ትለቅማለች። አንዱን እፍኝ ትበትናለች፣ መቀመጫቸውን ወደ ላይ ታዞራለች፣ ጣቷ እንደ ዶሮ ምንቃር ጠቅ ጠቅ ይላል። የፕራይመሩ ቤት ዙሪያ ቀለበት የሰረጎደበትን ወደ ግራ፣ ንጹሑን ወደ ቀኝ። ባትሪውን ከአፏ አውጥታ፣ «አየሽ፣ እምቢ ባዩ ሁሉ ክብ ውስጥ መስቀል አለበት» አለችኝ። እውነት ነው፣ የሠራዊት ምልክት ነው። አብሬያት ተቀመጥኩ። አባዬ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ባልዲ ሙሉ ባለመስቀል ለይተን አልጋቸው ሥር ደበቅን፣ በሳጥኑ ውስጥ የቀረው አንድ ሰፌድ የማይሞላ የአባዬ የራሱ ቀልሃ ብቻ ሆነ። ሳጥኑ ባዶ እንዳይመስል እማዬ ከሥሩ ፎጣ አነጠፈችበት።

በማግስቱ ማታ አባዬ ሳጥኑን ከፈተ፣ ፎጣውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ዘጋው። እንደገና ከፍቶ ፕረሷ ጋ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ሁሉ ፕራይመር ሰተት፣ ሰተት፣ ሰተት እያለ ሲገባ አደረ። በመጨረሻ ወገቡን ቀና አድርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየሽ የጋሽ በላቸው ቀልሃ? ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚፈልገው።» አንጀቴ አረረ። ከፈተናው በፊት የቀረን አንድ ቅዳሜ ነው፣ የተሠራው ጥይት ሁለት ትንንሽ ሳጥን ነው፤ ይሁን፣ ይበቃል አልኩ፣ ዓይኑ ያን ያህል አይሰንፍም።

ያን ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ፤ ጆሮ መከላከያ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ። አባዬ መስመሩ ላይ ሲቆም ሌላ ሰው ነው፤ ትከሻው ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሲተኩስ አንድ ብቻ ነው የሳተው። አገጩን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያደረገ በመነጽሩ ውስጥ ትክክለኛዋን ቦታ ሲፈልግ፣ ሲያገኛትም፣ ከጀርባው ሆኜ አየሁት። ልቤ ዘለለ።

ስድስተኛውን ሊተኩስ ሲል ጋሽ በላቸው መጥረጊያውን ይዞ መጣ። አባዬ ጥይቱን ሠርቶ መምጣቱን ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከና ከአባዬ እግር ኋላ የወደቁትን ቀልሃዎች አንድ በአንድ እየለቀመ በሸሚዙ ጫፍ መሰብሰብ ጀመረ። ሌላ ሰው እንዳይወስድብህ አለው። አባዬ ዞሮ አየው። ሽጉጡን ባዶ አደረገና አስቀመጠው።

«ይነሱ ጋሽ በላቸው፣ ይነሱ ስሞትልዎት!»

«አንተ ተኩስ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ ደግሞ ያንን ነገረን። «ላንተ የማመጣልህን እኮ ከሁሉም አልለቅምም። ጠዋት ወታደሮቹ የሚተኩሱበት መስመር አለ፤ እነሱ እስኪጨርሱ ቆሜ ጠብቄ የእነሱን ብቻ ነው የምመርጥልህ። የመንግሥት ዕቃ ጠንካራ ነው ብዬ።»

አባዬ ፊቱ ላይ የሆነውን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።  በብብቱ ደግፎ አነሳው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ ጉልበቱ ይጠይቀው ጀመር። ሐኪም ምን አለ፣ ቅባቱ ረዳዎት ወይ፣ ልጆቹ ደወሉ ወይ። የከፈልንበት አንድ ሰዓት እንዲህ አለቀ። እኔ ከኋላ ሆኜ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ አባዬ አልዞረም። አንድ አዛውንት እግሩ ሥር ተንበርክኮ እሱ እላዩ ላይ ቆሞ እንዲተኩስ ለአባዬ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? መኪና ውስጥ ስንገባ ጮህኩበት፤ ሐሙስ ፈተና ነው፣ አንድ ቃል ብትነግረው ምን አለበት፣ አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ አልኩት። አውቃለሁ ሜሮን አለኝ። ሞተሩን አስነሳ።

ሐሙስ ወደቀ። ጥቂት ነጥብ ነው የጎደለው። ድጋሚ መፈተን ይቻል ነበር፣ መጋዘኑ ግን አልጠበቀውም፤ ሰኞ ሌላ ሰው ቆመበት፣ አባዬም ወደ ሎንግ ቢች፣ ወደ ሌሊት ጥበቃው ተመለሰ። እማዬ ማልቀሷን እኔ እንዳልሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍታ ነው ያለቀሰችው።

እሁድ ከቸርች በኋላ ጋሽ በላቸው ሊያጽናናን መጣ። ዓይኔ ነው ጋሽ በላቸው፣ ዕድሜ ነው አለው አባዬ፤ ብዙም ሳይቆይ ለሌሊቱ ሊተኛ ገባ። ሽማግሌው ሲነሳ እንደ ወጉ ሸኚያቸው ተባልኩ። መኪናውን ያቆመው ሩቅ ነበር፤ ፌርፋክስን በቀስታ፣ ጉልበቱ በየአሥር እርምጃው እያስቆመው ወረድን። በልቤ ግን አምስት ሳምንት ያጠራቀምኩት ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። አሁን እነግረዋለሁ፣ አባቴ እራቱን ያጣው ባንተ ባልዲ ነው እለዋለሁ፣ ሌላ ሰው ካልነገረው እኔ እነግረዋለሁ እያልኩ ነው የምሄደው። መኪናው ጋ ስንደርስ ቁልፉን አወጣ፣ በሩን ግን አልከፈተም።

«ሜሪዬ፣ አንቺ አትዋሺኝም» አለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ቀልሃው ነው እንዴ?»

ዓይኑ ቀልቷል። ይህን ጥያቄ ከሐሙስ ጀምሮ ተሸክሞት እንደኖረ ያስታውቃል። የሱሪው ጉልበት ሁለቱም ላይ ከሲሚንቶው የተነሳ ተፈግፍጎ ነጭ ሆኗል፤ የሥራም የቸርችም ሱሪው ያው ነው።

«ኖ ጋሼ» አልኩት። «በጭራሽ። አባዬ ዓይኑ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ተመስገን ጌታዬ አለ፣ ግንባሬን ሳመኝና ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ መሃል ፌርፋክስ ላይ፣ ሰው ግራና ቀኝ እያለፈኝ፣ እንባዬ የንዴት ይሁን የምን ይሁን ሳላውቅ።

ያ ዓመት በዚያ ቤት የኖርኩበት የመጨረሻ ዓመቴ ነበር፤ በሚቀጥለው መስከረም ኮሌጅ ገባሁ። አባዬ ዛሬ በጡረታ አለ፣ ደህና ነው፣ እሁድ እሁድ እየሄድኩ አብረን እንበላለን። ግን የልጅነት እራት አይደለም፤ እኔ የራሴ ኪራይና የራሴ ራስ ምታት ያለኝ ሴት ነኝ፣ እሱም ወሬው አልቆበታል። ያን ዓመት ሊነግረኝ የነበረውን ለወደቡ አጥር ነግሮት ይሆናል። ጋሽ በላቸው ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል፤ እስኪሞት ድረስ በየእሁዱ እኛን ሲያይ ፊቱ እንደበራ ነበር። ሥራ ቦታ ሜሮን ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት ይሉኛል፣ እውነት ነው፤ የማልፈልገውን አልፈልግም እላለሁ፣ ያልተመቸኝን እመልሳለሁ፣ ማንም ዞር በል ካልኩት ዞር ይላል። ያን እሁድ መዋሸቴ ትክክል ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ አባዬ ላይ፣ እራሴ ላይ፣ በዚያ ቸር ሽማግሌ ላይ ሳይቀር። ዛሬም ቢጠይቀኝ ግን ያንኑ እመልስለት ነበር። እንደዚያ ቆሞ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ እንጂ።